ለሹፌሩ አምስት ኮከብ ሰጠን፤ ለጎማውስ?

ጉዞ አልቆ ሒሳብ ከፍለን ስንወርድ ስልካችን አንዲት ጥያቄ ታቀርብልናለች፦ «ጉዞዎ እንዴት ነበር?» እኛም ሳናቅማማ ኮከብ እንደረድራለን። ሹፌሩ ጨዋ ከሆነ አምስት። ሙዚቃ ቀንስልኝ ሲባል ካኮረፈ ሦስት። መኪናው ውስጥ መጥፎ ሽታ ካለ ሁለት። ታርጋውን እናውቃለን፣ የመኪናውን ቀለም እናውቃለን፣ የሹፌሩን ፎቶ አይተናል። ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ አስፋልቱን የሚነካው ጎማ ግን ስንት ኮከብ እንዳለው ጠይቀን አናውቅም።

የሚገርመው ደግሞ ጎማው ደረጃ አለው። ያውም እኛ የምንሰጠው ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ ጎኑ ላይ ያተመው። ዕድሜው፣ የሚሸከመው ክብደት፣ የሚችለው ፍጥነት፣ በአንዳንዱ ላይ እርጥብ አስፋልት ላይ እንዴት እንደሚይዝ ጭምር ተጽፏል። አንብበን ስለማናውቅ ግን ጎማ ትዝ የሚለን ሲፈነዳ ብቻ ነው።

ይህን የማወራው እኔ ከሌላው ስለምሻል አይደለም። የገባኝ ባለፈው ጥር፣ ለጥምቀት ወደ ባቱ ስንሄድ ነው። የአክስቴ ልጅ በቪትዙ የመተግበሪያ ታክሲ ይሠራል። በዓሉን አብረን እናሳልፍ ብሎ አምስት ሆነን፣ ሻንጣችንን ጭነን ወጣን። ሞጆን አልፈን ወደ መቂ ስንቃረብ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ፣ ፍጥነታችን 90 አካባቢ፣ ከኋላ በቀኝ በኩል «ጠፍ ጠፍ ጠፍ» የሚል ድምፅ መጣ። «አስፋልቱ ነው» አልን። ከደቂቃ በኋላ እንደ ጥይት ጮኸ። የመኪናዋ ኋላ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ። ከኋላ የተቀመጥነው ሦስታችን እርስ በርስ ተላጋን። ደግነቱ የአክስቴ ልጅ ፍሬን አልረገጠም። መሪውን ጭምቅ አድርጎ ይዞ፣ እግሩን ከነዳጁ አንስቶ፣ መኪናዋ በራሷ እስክትበርድ ጠበቀ። (በኋላ ሳነብ የሚመከረውም ልክ ይኸው ነው። ጎማ ሲፈነዳ በድንጋጤ ፍሬን መርገጥ መኪናን ያሽከረክራል።) ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ከጎናችን ወይም ከኋላችን አንድ አይሱዙ ቀርቦን ቢሆን ኖሮ ግን ወሬው ሌላ ነበር።

ስኮርታውን አወጣን። እሱም አየር የለውም። ለስንት ዓመት ከሻንጣ ሥር ተኝቶ ማን አይቶት! አንድ ደግ ሹፌር መቂ ድረስ አደረሰንና ጎሚስታ አገኘን። ጎሚስታው በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰውዬ ናቸው። የተቀዳደደውን ጎማ ገልበጥ አድርገው አዩት። የመርገጫው ላስቲክ ከሥሩ ካለው ሽቦ ተላቆ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተልጧል።

«ጋሼ፣ ጎማው አዲስ ነው እኮ፤ ከገዛሁት ገና አራት ወሩ ነው» አላቸው የአክስቴ ልጅ።

ጎኑን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገው በጣታቸው አንድ ቦታ ጠቆሙት። «አዲስ መግዛትና አዲስ መሠራት ለየቅል ነው ልጄ። ይኸውልህ ልደቱ።» 2316 ይላል።

«እሱንማ አይቼዋለሁ! 16 ነው የሚለው። ሻጩም የ2016 ምርት ነው፣ ሁለት ዓመቱ ነው ብሎኛል።»

ጎሚስታው ሳቁ። «ፈረንጅ በእኛ ዘመን መቁጠር የጀመረው መቼ ነው?»

እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም።

ልደቱን አንብቡ

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎማ ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ረጅም ኮድ አለ። ከዚያ ውስጥ እኛን የሚመለከቱን የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት። 2316 ማለት በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ። የአክስቴ ልጅ «የሁለት ዓመት» ብሎ የገዛው ጎማ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሆኖታል ማለት ነው!

ይህቺ ወጥመድ የኛው ናት። ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት የሚደርሰው የዘመን ልዩነት ለወሬ ሲሆን ያስቃል፤ «ኢትዮጵያ ሂድና ወጣት ሁን» እየተባለ ይቀለድበታል። ጎማ ግን ኢትዮጵያ ስለመጣ ወጣት አይሆንም። ሻጩ ሆን ብሎ አታሎም ይሁን እሱም ሳያውቅ፣ ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ጎማ ላይ 16፣ 17፣ 18 የሚል ዓመት ስታዩ በፈረንጅ አስቡት። ኮዱ ባለ ሦስት ቁጥር ብቻ ከሆነ ደግሞ አትድከሙ፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። አራቱ ቁጥሮች በውጭ በኩል ካልታዩ በውስጥ በኩል ባለው ጎን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚታተሙት በአንደኛው ጎን ላይ ብቻ ነው።

ዕድሜ ምን ያደርጋል? ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ሙቀት፣ ፀሐይና ኦክስጅን ያደርቁታል፤ ይተጣጠፍ የነበረው ይጠነክራል፤ በውስጡ ያሉትን ንብርብሮች ያጣበቀው ይላላል። ጥርሱ ግን እንዳለ ነው፤ በዓይን ሲታይ አዲስ ይመስላል። ለዚህ ነው አንዳንድ መኪና አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም በ6 ዓመቱ ቀይሩ የሚሉት። ትልልቅ ጎማ አምራቾች ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ 10 ዓመት ከሞላው ያለ ጥያቄ ይቀየር ይላሉ።

«ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ያላየ አለ? ፖል ዎከር ኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሲሞት የተሳፈረበት ፖርሽ እጅግ ውድ መኪና ነበር። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ፍጥነት መሆኑን ተናግረዋል፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት መንገድ ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር እየተነዳ ነበር። ነገር ግን ሪፖርቱ ሌላም ነገር መዝግቧል፦ ጎማዎቹ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸው ነበር፤ ማርጀታቸውም የመኪናውን አያያዝ ሳይጎዳው አልቀረም። የአክስቴ ልጅ ቪትዝና ያ ፖርሽ የሚገናኙበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ የጎማቸው ዕድሜ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ከልደቱ ቀጥሎ በጉልህ የሚታየው የመጠን ቁጥር ነው። ለምሳሌ 195/65 አር 15 91 ኤች። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው። «አር» ራዲያል። 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። እስከዚህ ሻጩም ጎሚስታውም ያውቀዋል፤ ካልሆነ ጎማው አይገጥምም። ችላ የሚባሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። 91 ጎማው መሸከም የሚችለውን ክብደት ያሳያል፤ 91 ኪሎ ማለት ሳይሆን በሠንጠረዥ የሚነበብ ኮድ ነው፤ ትርጉሙ 615 ኪሎ ግራም። «ኤች» ፍጥነት ነው፤ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት። «ኤስ» 180፣ «ቲ» 190፣ «ቪ» 240 ነው።

«እኔ 210 መቼ እነዳለሁ? ምን ቸገረኝ!» የሚል አይጠፋም። ፊደሏ ግን የመንዳት ፈቃድ አይደለችም። ጎማው ትክክለኛ አየር ይዞ፣ ሳይጎዳ፣ የተወሰነለትን ጭነት ተሸክሞ ምን ያህል ሙቀት እንደሚቋቋም የምትናገር ናት። አየር ሲያንሰው፣ ጭነት ሲበዛበት፣ ሲያረጅ ያ አቅም ይወርዳል።

አሁን ወደ ሚኒባስ ታክሲ እንሂድ። ብዙ ሚኒባሶች የሚገጥማቸው 195 አር 15 ሲ 106/104 ዓይነት ጎማ ነው። «ሲ» የንግድ፣ የጭነት ማለት ነው። 106 ማለት 950 ኪሎ ግራም። ከላይ ካየነው የቤት መኪና ጎማ ጋር ስታስተያዩት ስፋቱ ያው 195፣ ቸርኬውም ያው 15 ነው። ስለዚህ ዋጋው ረከስ ያለውን የቤት መኪና ጎማ ሚኒባስ ላይ ማሰር ይቻላል፤ ቸርኬው አይከለክልም። በአንድ ጎማ የ335 ኪሎ፣ በአራቱ የ1,340 ኪሎ ልዩነት ግን አለ። «ተጠጋጉ፣ አንድ ሰው ብቻ» ሲባል ያንን ልዩነት የሚሞላው ማነው? እኛው።

ነገሩ የኤሌክትሪክ መኪና ላይም ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። ድምፅ የላቸውም፣ ነዳጅ አይሉም፣ ደስ ይላሉ። ባትሪያቸው ግን ከባድ ነው። በተመሳሳይ መጠን ካለ የነዳጅ መኪና በብዙ መቶ ኪሎ ይበልጣሉ፣ ሲነሱም ጎማውን በኃይል ይጎትቱታል። ስለዚህ ጎማቸው ቶሎ ያልቃል፤ ሲቀየርም «ኤክስ ኤል» የሚል ምልክት ያለው፣ ክብደት ቻይ ጎማ ሊፈልጉ ይችላሉ። «መጠኑ ያው ነው፣ ይሄኛው ይሻልሃል በዋጋ» ብሎ የሚያቀርብላችሁን ጎማ የክብደት ኮዱን ከድሮው ጋር አስተያዩት። ካነሰ ተዉት።

እውነተኛው ደረጃ

ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ የቤት መኪና ጎማዎች ሦስት ተጨማሪ ነጥቦች አሏቸው። አንደኛው የጥርስ ዕድሜ ነው፤ በቁጥር ይጻፋል። 100 መነሻ ሆኖ 400 የተባለው በፈተናው መንገድ አራት እጥፍ ይቆያል እንደማለት ነው። ፈተናው ቴክሳስ ውስጥ በተመደበ መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በመንዳት ነው የሚካሄደው። ቁጥሩን ጎማው ላይ የሚያትመው ግን ራሱ ፋብሪካው ስለሆነ፣ የአንዱን ፋብሪካ ምርቶች እርስ በርስ ለማወዳደር ይበልጥ ይጠቅማል። ሁለተኛው እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ያለው አያያዝ ነው፤ ከድርብ «ኤ» ይጀምርና «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» እያለ ይወርዳል። ፈተናው ቀጥ ባለ መንገድ ነው፤ ስለ መታጠፊያ ምንም አይናገርም። ሦስተኛው ሙቀት የመቋቋም አቅም ነው፤ «ኤ» ምርጡ፣ «ሲ» ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛው።

የአውሮፓው ደግሞ ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል። ነዳጅ ቆጣቢነቱንና እርጥብ ላይ ያለውን አያያዝ ከ«ኤ» እስከ «ኢ»፣ ድምፁን በዴሲቤል ይነግራችኋል። ከግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው መለያ በስልክ የሚነበብ ኪው አር ኮድም አለው። ስልክ በእጃችን እያለ ለማንበብ የምንሰንፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉም የእርጥቡን እዩ። የአዲስ አበባን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ አስፋልት መንገድ መሆኑ ቀርቶ ወንዝ ይሆናል። የጎማ ጥርስ ዋና ሥራው ያንን ውኃ ወደ ጎን መግፋት ነው። ጥርሱ ሲያልቅ ውኃው መሄጃ ያጣና ጎማው አስፋልቱን ለቆ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ መሪም ፍሬንም ጌጥ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። እነዚህ ደረጃዎች የተሰጡት ለአዲስ ጎማ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ባለ ድርብ «ኤ» ጎማ ድርብ «ኤ» አይደለም። የአሥረኛ ክፍል ውጤት ይዞ ሥራ እንደመጠየቅ ነው።

አየር፣ ርካሹ ጥገና

ጎሚስታ ጋ «ስንት ልሙላው?» ስንባል የምንመልሰው በግምት ነው። ወይ ጎማው ጎን ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር እናያለን። ያ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ የእናንተ መኪና የሚያስፈልጋት አይደለም። ትክክለኛው የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ከጃፓን የመጣ መኪና ከሆነ ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው፤ 220 ካለ ኪሎ ፓስካል ነው፣ ወደ 32 ፒ ኤስ አይ ይሆናል። የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ማለትም መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በተለይ ጠዋት። አየሩ በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ የጎማው ግፊት በ2 ፒ ኤስ አይ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ አዋሽ ላይ ጎማው ጋለ፣ ጠነከረ ብላችሁ አታስተንፍሱት። ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያድራል።

ጎደለ ማለት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። አየር ያነሰው ጎማ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይግላል፣ ሲግል ንብርብሩ ይላቀቃል። ይህን አሜሪካኖች በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። ነሐሴ 2000 እ.ኤ.አ. ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የነበሩ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። መርገጫው በፍጥነት ላይ እየተላቀቀ መኪኖች ይገለበጡ ነበር። የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከዚህ ጋር ያያያዛቸው ሞቶች ከ270 በላይ ናቸው። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ የአየር መጠን ነበር፤ ፎርድ 26 ፒ ኤስ አይ ሙሉ ሲል፣ ፋየርስቶን 30 ይሻል ነበር አለ። የአራት ነጥብ ልዩነት! በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ፤ ዛሬ በአዳዲስ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የምናያት ቃለ አጋኖ ያላት ቢጫ መብራት የዚያ ሕግ ልጅ ናት። እሷንም ቢሆን ብቻዋን አትመኑ። በአሜሪካው መመዘኛ የመብራት ግዴታ ያለባት አየሩ ከሚፈለገው በሩብ ሲጎድል ነው። አልበራችም ማለት ሙሉ ነው ማለት አይደለም።

አምስት ደቂቃ፣ ስልክ በእጅ

መኪና ካላችሁ በወር አንዴና ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ጥርሱን እዩ። በጥርሱ መሐል ባለው ቦይ ውስጥ ከፍ ያሉ ትናንሽ ድልድዮች አሉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከድልድዩ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፤ ብዙ አገሮች በሕግ የሚከለክሉትም እዚህ ላይ ነው። ለክረምት ከዚያ ሳይደርስ ቢቀየር ይሻላል።

አጨራረሱን እዩ። መሐሉ ብቻ ከተበላ አየር በዝቶበታል። ሁለቱ ጠርዞች ከተበሉ አንሶታል። አንድ ጎን ብቻ ከተበላ አላይመንት ይፈልጋል።

ጎኑን ዳብሱ። እንደ እንቁላል ያበጠ ቦታ ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። ይህ አይጠገንም፤ ነገ ዛሬ ሳትሉ ቀይሩት። የተሰነጣጠቀ፣ እንደ ደረቀ መሬት የተተረተረ ከሆነም ዕድሜውን እየነገራችሁ ነው። ምስማር የወጋው መርገጫው ላይ ከሆነ ከውስጥ በኩል በደንብ ይጠገናል፤ ጎኑ ላይ ከሆነ ግን «እለጥፍልሃለሁ» የሚላችሁን አትስሙ።

ስኮርታውን አትርሱ። የኛ ነገር በቂ ትምህርት ይሁናችሁ።

ሁለት ጎማ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ ደግሞ አዲሶቹን ከኋላ እሰሩ። ብዙ ሰው ከፊት ይመስለዋል። ግን ፊት ሲንሸራተት እግርን ከነዳጅ አንስቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ኋላ ሲንሸራተት መኪናው ይዞራል። እኛን የጠመዘዘን የትኛው እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

ርካሹ ጎማ ስንት ነው?

እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ የተማርኩበትን ልክፈል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተሰቅሏል፤ ጎማም አልቀረለትም። «አራት ጎማ ቀይር» ማለት ለብዙ ሹፌር «የወር ገቢህን ስጥ» ማለት ነው። ስለዚህ ያገለገለ ጎማ የሚገዛውን ሰው ግድየለሽ ብሎ መስደብ ሐቅ አይደለም።

ሒሳቡን ግን በኪሎ ሜትር እንሥራው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አዲሱ ጎማ 8,000 ብር ሆኖ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በኪሎ ሜትር 20 ሳንቲም ነው። ያገለገለው በግማሽ ዋጋ፣ በ4,000 ብር ተገዝቶ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 40 ሳንቲም ነው። የእናንተን ትክክለኛ ዋጋ አስገብታችሁ አስሉት። ርካሹ ብዙ ጊዜ እጥፍ ያስከፍላል፤ ያውም ሳይፈነዳ። በአየር ላይም እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መመሪያ ጎማን በልኩ መሙላት እስከ 3 በመቶ ነዳጅ ሊያድን እንደሚችል ይገልጻል። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ታዲያ ሰው ለምን እያወቀ ርካሹን ይገዛል? በ1970 እ.ኤ.አ. ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር ስለ ያገለገሉ መኪኖች አንድ አጭር ጥናት ጻፈ፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ያደረገውም ይኸው ሥራው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢው ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ዋጋ ይገምታል። በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው መሸጥ አያዋጣውም፤ ገበያው ለመጥፎው ይቀራል።

የጎማ ገበያ ግን ልዩ የሚያደርገው ነገር አለ። መረጃው አልተደበቀም! ዕቃው ላይ ተጽፏል። ስልክ ሲሸጥልን ባትሪው ስንት በመቶ ቀርቷል፣ ኦርጅናል ነው፣ ተከፍቷል ወይ ብለን ሻጩን የምናስጨንቅ ልጆች፣ ጎማ ስንገዛ «ይሄ ጥሩ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ያውም ሻጩን።

ሌላም ችግር አለ። ብዙ ጊዜ ጎማውን የሚገዛው ባለቤቱ ነው፤ ሚኒባሱን የሚነዳው ሌላ፤ የሚሳፈረው ደግሞ ሌላ። ባለቤቱ በቀን ገቢውን ይቀበላል፣ መኪናው ውስጥ ግን አይቀመጥም። አደጋውን የሚሸከመውና ውሳኔውን የሚወስነው የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ውሳኔው ለማን እንደሚያደላ ማሰብ አይከብድም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጎማ ሻጭ ደረሰኙ ላይ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት፣ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጽፍ ይገደድ። ምንም ወጪ የለውም፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ሁለተኛ፣ የመተግበሪያ ታክሲ ድርጅቶች መኪና ሲመዘግቡ የአራቱን ጎማ ልደት ፎቶ ይቀበሉ፤ ከታርጋው ጎን «የጎማ ዕድሜ፦ 3 ዓመት» ብለው ያሳዩን። ኮከብ ያለው ሹፌር ደንበኛ እንደሚበዛለት ሁሉ፣ ጥሩ ጎማ ያሰረም ይብዛለት። ያኔ አዲስ ጎማ ወጪ ብቻ መሆኑ ይቀርና ገቢ ያመጣል። ሦስተኛ፣ በዓመት አንዴ ቦሎ ሲታደስ የሚደረገው ምርመራ ከጥርሱ አልፎ ዕድሜውንና የክብደት ኮዱን ይይ። እሱም ቢሆን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የቀሩት ቀናት የኛ ናቸው።

የኛ ማለቴ የተሳፋሪዎችንም ነው። «እኔ መኪና የለኝ» አትበሉ። ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ፣ ሻንጣ እስኪጫን በቆማችሁበት ሠላሳ ሰከንድ ጎንበስ ብሎ ማየት አያሳፍርም። ያበጠ ወይም የተላጠ ነገር ካያችሁ በክብር መናገር ይቻላል፦ «ወንድሜ፣ ይቺ የኋላዋ አብጣለች መሰለኝ፤ እስቲ እያት።» አብዛኛው ሹፌር ያመሰግናል፤ እሱም ቤቱ የሚጠብቁት አሉ። ካኮረፈ ደግሞ ሌላ መኪና አለ።

የአክስቴ ልጅ ከባቱ ሲመለስ ሌላ ሱቅ ሄደ። መጀመሪያ የጠየቀው ዋጋውን አልነበረም፤ «ልደቱን አሳየኝ» ነው ያለው። አንዱ ሻጭ ተቆጣ፤ ወጥቶ ሄደ። ሁለተኛው ጎማውን አዙሮ አሳየው። አቅሙ ለሁለት ብቻ ነበር የበቃው፤ ከኋላ አሰራቸው። የአራቱንም ኮድ ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ አስቀምጧል፤ ተሳፋሪ ከጠየቀ ያሳያል።

እስካሁን የጠየቀው የለም።